ይሄይስና አባቱን የደበቀው ገጽ

ሃይፋ አጠገብ ባለችው ክርያት ያም ከተማ ልጁን የሚድር ጎንደሬ መጀመሪያ አዳራሽ አይከራይም፤ ይሄይስን ይጠይቃል። ይሄይስ የሃይፋ ወደብ በር ላይ ጥበቃ ነው፤ ዋና ሥራው ግን ዘር መቁጠር ነው። ሙሽሪትና ሙሽራው እስከ ሰባት ቤት እንደማይገናኙ እሱ ካላረጋገጠ ሠርግ ብሎ ነገር የለም። አንድ ሁለቱን አፍርሷል። ሠርጉ የፈረሰበት አንዱ ቤተሰብ እስካሁን ሰላም አይለውም፤ እሱም ይህን እንደ ምስጋና ይቆጥረዋል።

ታዲያ ልጁ ሳሪት የድረ ገጽን ማንነት የሚያወጣ መሣሪያ በስልኩ ስታሳየው ደስታው ሌላ ነበር። የገጹን አድራሻ ሲጽፉለት መቼ እንደተመዘገበ፣ ማን እንዳስመዘገበው፣ በየት አገር ኮምፒውተር ላይ እንደተቀመጠ ይዘከዝካል። «ይኼማ የእኔው ሙያ ነው!» አለ። ከዚያ ወዲያ ያልመረመረው ገጽ የለም፤ የአየር ትንበያው ሳይቀር የማን ልጅ እንደሆነ ተጠየቀ።

አንድ ሐሙስ ወንድሙ ስሜነህ ከጎንደር ደወለ። ስሜነህ እስራኤል ለመግባት ሲጠብቅ ጠጉሩ ሸብቷል።

«ወንድምዓለም፣ እዚያው ሃይፋ፣ ሃሊሳ ሰፈር ያለ አንድ ማኅበር ጠበቃ ይዞ የእኛን ጉዳይ በነፃ ሊያቀርብ ነው አሉ። እዚያ ያለ ዘመድ በገጹ ላይ ማመልከት አለበት። እሑድ ይዘጋል። አደራህን!»

ይሄይስ ገጹን መረመረ። ከተመዘገበ ሁለት ሳምንቱ ነው። የባለቤቱ ስም ተሸሽጓል። የተቀመጠውም ሆላንድ ነው።

«ትናንት ተወልዶ፣ አባቱን ደብቆ፣ የሃሊሳ ነኝ እያለ ሆላንድ የሚያድር!» አለ። «ለዚህ ልጅ ይሰጣል?»

«አባ፣ ማን ልጅ ጠየቀህ?» አለች ሳሪት። «ዛሬ ሁሉም ስሙን ይደብቃል፤ ማስታወቂያ እንዳይጎርፍበት ነው። ለማኅበሩ ደውለህ ጠይቃ!»

«ሌባን ሌባ ነህ ወይ ብለሽ ትጠይቂዋለሽ? ወንድሜን ለማይታወቅ አልሰጥም።»

እሑድ አለፈ። ስሜነህ ሲደውል «አጭበርባሪ ነው፤ አተረፍኩህ» አለው። ስሜነህም ታላቁን አምኖ አመሰገነ።

በሳምንቱ ይሄይስ ከሥራ መልስ ሃሊሳ ጎራ አለ፤ የማኅበሩን አለመኖር በዓይኑ ሊያይ። ማኅበሩ ነበረ። ሰው ግጥም ብሎበታል። ገጹን የሠራችው ይፋት የምትባል ወጣት ነበረች።

«የማን ልጅ ነሽ?» አላት፣ ገና ሳይቀመጥ።

አባቷን ጠራች፤ አያቷን ጠራች። የቀረውን ይሄይስ ራሱ ቆጠረ፤ አምስተኛው ቤት ላይ ተገናኙ።

«ውይ! ሥጋዬ ነሽ ለካ!»

«ቤሰደር፣ ይሁን እሺ» አለች ይፋት። «ግን ጠበቃው ማመልከቻዎቹን ወስዷል። ገጹ ለዘመድም አይከፈትም። ምናልባት የሚመጣው ዓመት።»

ይሄይስ ቤቱ ገባ። መዋሸት ይችል ነበር፤ አልዋሸም። ሳሪት አጠገቡ ተቀምጣ ሳለ ጎንደር ደወለ።

«ስሜነህ፣ ገጹ ደህና ነበር። ያስቀረሁህ እኔ ነኝ።»

 

«እስቲ ሳሪትን አቅርብልኝ» አለ ስሜነህ።

ይሄይስ ስልኩን ሰጣት። የስሜነህ ድምፅ ግን ለእሱም ይሰማ ነበር።

«የኔ ልጅ፣ የሚመጣው ዓመት ማመልከቻውን አንቺ ሙዪልኝ። ለአባትሽ አትንገሪው።»