ለቀንድ አውጣ የተልባ ዘይት

ዶክተር መሆኔን ለእናቴ በስልክ ስነግራት የምን ዶክተር እንደሆንኩ አልጠየቀችኝም። በዐቢይ ጾም ወደ ትውልድ ከተማዬ ዘመሮ ስመጣ ግን ሰፈሩ በሙሉ ሐኪሟ ልጇ መጣች ብሎ ጠበቀኝ።

የማርያም ማኅበር የመደገስ ተራው የእናቴ ነበር። ቄሱ ጸሎቱን አድርሰው የተልባ ፍትፍት ሲቀርብ፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ጎረቤታችን ሱሪያቸውን ሰበሰቡ። ጉልበታቸው አብጧል።

“እስቲ እዪልኝ፣ ልጄ።”

“አባባ፣ እኔ የሰው ሐኪም አይደለሁም።”

“የከብት ነሽ?”

“እሱም አይደለሁም። ውጭ አገር፣ የባሕር ቀንድ አውጣ የሚያረባ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። መኖውን የማዘጋጀው እኔ ነኝ።”

እናቴ ድስቱን እንደያዘች ቀረች። ዝም ብል ይሻለኝ ነበር፤ የሁሉም ዓይን እኔ ላይ መሆኑ ስላስጨነቀኝ ግን ማስረዳት ጀመርኩ። መኖው ውስጥ የዓሣ ዘይት ይገባ እንደነበር፣ ዓሣው እያለቀ ዘይቱም እየተወደደ ሲሄድ የእህል ዘይት እንደሞከርን፣ ከሁሉም የተልባው ለቀንድ አውጣዎቹ እንደተስማማቸውና እንደ ድሮው በደንብ እንዳደጉ ነገርኳቸው።

“ይሄው፣ ይሄ የምንበላው ተልባ” ብዬ ወደ ሳህኑ ጠቆምኩ።

አንዲት ሴት የጠቀለለችውን ጉርሻ ቀስ ብላ ሳህኑ ላይ መለሰችው።

“ሰው ይበላዋል እንዴ፣ ቀንድ አውጣውን?” አሉ ቄሱ።

“አዎ አባ፣ ለሽያጭ ነው የምናረባው።”

“አንቺስ?”

“እቀምሰዋለሁ። ሥራዬ ነው።”

ቄሱ አልተቆጡም፤ አቀርቅረው ጢማቸውን ዳሰሱ። ሽማግሌው ሱሪያቸውን እያወረዱ፣ “አስቸገርኩሽ” አሉኝ። ፊቴ ጋለ። ስንት ዓመት የለፋሁበት፣ ስብሰባ ላይ ደረቴን ነፍቼ የማወራው ሥራ፣ እዚያ ቤት ውስጥ እንደ ነውር ተሰማኝ። እንዲያ ስለተሰማኝ ደግሞ የባሰ አፈርኩ።

በማግስቱ እናቴ ነገሩን ሳታነሳ ወደ መናኸሪያው ሸኘችኝ። መንገድ ላይ አንዲት የማላውቃት ሴት አስቆመችን።

“ሐኪሟ ልጅሽ ይቺ ናት?”

“ከብት ነው የምታረባው” አለች እናቴ ፈጠን ብላ። “ውጭ አገር። ብዙ ከብት።”

ሴትዮዋ ከብቶቼ እንዲበረክቱ መረቀችኝ። መሬት መሬት እያየሁ አሜን አልኩ። እናቴ በጾም ወቅት እንኳንስ ልትዋሽ፣ ሐሜት እንኳ አትሰማም። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ጉንጬን ሳመችኝ፤ እኔ ግን ቀና ብዬ ዓይኗን ማየት አልቻልኩም።