አልገባኝም፣ እንደገና

አየር ጤና ባለው መድኃኒት ቤቴ ለልምምድ የመጣች ተማሪ አለች። ቅዳሜ የቃል የመውጫ ፈተናዋ ነው። ትናንት የሰኔ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ የሳል ሽሮፕ ከመደርደሪያ እያወረደች ከንፈሯ መልስ ሲያነበንብ አየሁ። ያንን ጭንቀት አውቀዋለሁ።

እኔም የፋርማሲ ተማሪ ሳለሁ የጽሑፍ ፈተና አልፈራም ነበር። የቃል ሲሆን ግን ምላሴ ይተሳሰራል። አንድ ጊዜ ወድቄ፣ ሁለተኛ ከወደቅኩ ከትምህርቱ እንደምሰናበት ተነግሮኝ ነበር። እናቴ ጉዳዩን ቤተ ክርስቲያን ወስዳ በጉባኤ አስጸለየችበት። ከዚያ ወዲያ እሑድ በመጣ ቁጥር ግማሹ ምእመን እጄን ይዞ ስለ ፈተናው ይጠይቀኝ ጀመር። ከልባቸው ነበር። እኔ ግን ብወድቅ የምወድቀው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መሆኑን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ።

አባቴ ከከፋ መጥቶ ኮልፌ ማርና ኮረሪማ የሚነግድ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር። አንድ ከሰዓት ሱቁ ውስጥ በርጩማ ስቦ ተቀመጠና፣ "እኔ በሽተኛ ነኝ፤ መድኃኒቴን አስረጂኝ" አለኝ። አስረዳሁት። ገዢ በር ላይ እየጠበቀው እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ "አልገባኝም፣ እንደገና" አለ። እስከ ፈተናው ድረስ በየቀኑ እንዲሁ አደረግን። ያን ያህል የማይገባው ሰው እንዳልነበረ የገባኝ ቆይቶ ነው።

የፈተናው ዕለት ታክሲ ተራ ድረስ ሸኝቶኝ፣ በወረቀት የጠቀለለውን ቆሎ ኪሴ ከተተልኝ። ፈታኙ መምህር የደም ግፊት ኪኒን አቀበለኝና በሽተኛው እሱ እንደሆነ ነገረኝ። ምላሴ ተያዘ። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ የኮረሪማው ሽታ መጣልኝ።

"አባዬ፣ ይቺን ጠዋት ጠዋት ትውጣለህ። ተሻለኝ ብለህ እንዳታቋርጥ" አልኩ።

ዓይኔን ስገልጥ ተማሪ ሁሉ የሚፈራው ያ ሰው እስክሪብቶውን አስቀምጦ ያየኛል። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ቀጥዪ ልጄ፣ አባትሽ እየሰማሽ ነው" አለኝ።

አለፍኩ።

ኋላ አባቴን እውነተኛው የደም ግፊት ያዘው። በየወሩ መድኃኒቱን ከእጄ ሲቀበል፣ በቃሉ እያወቀው፣ እንደገና ያስነግረኝ ነበር። ካረፈ ዓመታት አልፈዋል። ወር በገባ ቁጥር አሁንም በሩን አያለሁ። በጣም ይናፍቀኛል።

ትናንት ከባንኮው ጀርባ ወጥቼ በደንበኛ በኩል ተቀመጥኩና፣ በሽተኛዋ እኔ እንደሆንኩ ለልጅቷ ነገርኳት። መጀመሪያ ተደናበረች፤ ቀስ በቀስ ድምፅዋ ጸና። አሳምራ ጨረሰችና፣ "ገባዎት?" አለችኝ።

በደንብ ገብቶኝ ነበር።

"አልገባኝም፣ እንደገና" አልኳት።