አጎቴ «ደርሶኛል» ያለኝ ቀን

ባለፈው ሳምንት ልጄ ለሥራ ማመልከቻ ማስረጃዎቿን በኢሜይል ላከች። «ደርሶናል» የሚል መልስ ሲመጣላት ኮምፒውተሩን ዘግታ ጫማዋን ማጥለቅ ጀመረች። «ከፍተው አይተውታል?» አልኳት። «እማዬ ደግሞ! ደርሶናል አሉ እኮ!» ብላ ሳቀችብኝ። እኔን ግን ያቺ ቃል ከወጣትነቴ ጀምሮ አትመቸኝም።

ጊዜው ኢሜይል ለጎንደር ገና ብርቅ የነበረበት፣ ክረምቱም የከፋበት ነበር። እኔ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። አባቴ ኩላሊቱን ሊታከም ከእናቴ ወንድም፣ ከአጎቴ ሁሴን ጋር አዲስ አበባ ሄዷል። እዚያ እንደደረሰ ትኩሳቱ ጠንቶበት ራሱን ሳተ። የአጎቴ ሞባይል ደግሞ መርካቶ ላይ ተሰረቀ። አንድ ጠዋት ከሆስፒታሉ አጠገብ ካለ ኢንተርኔት ቤት ሆኖ፣ «ዛሬ ከሰዓት በኋላ ኦፕራሲዮን ይደረጋል፤ ሐኪሙ ከዚህ በፊት የታመመውን ሁሉ ጽፋችሁ ላኩ ብሏል» ሲል አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈልኝ።

እናቴ ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። አባቴ አንድ ጊዜ ፔኒሲሊን ተወግቶ፣ ጉሮሮው አብጦ ከሞት አፋፍ የተመለሰ ሰው ነው። አጎቴ ያኔ ለንግድ መተማ ስለነበር ነገሩን አያውቅም።

ቢሮ ገብቼ ሁሉንም በሚያምር የአማርኛ ፊደል ተየብኩት። «ፔኒሲሊን» የምትለዋን አደመቅኳትና ከኢሜይሉ ጋር አያይዤ ላክሁት። ብዙም ሳይቆይ መልሱ መጣ፦ «ደርሶኛል፤ አላህ ይስጥሽ።»

ለእናቴ ልነግራት ወደ ሰፈራችን ወደ አዲስ ዓለም ወረድኩ። አራዳ ገበያ ላይ በቆሎ የሚጠብሱት ሴቶች ከዝናቡ ላስቲክ ተከናንበዋል። በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሐል የእሸቱ ሽታ አስራበኝ፤ ሆድ ይሉት ነገር አያፍርም። የቀሐ ወንዝ ሞልቶ ሲያጓራ እስከ ሰፈራችን ይሰማል። እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ምን አለ?»

«ደርሶኛል አለ።»

«መድረሱንስ ደረሰ። ስለ መርፌው ምን አለ?»

«ስለ መርፌው አላነሣም።»

«ምነው?» አለች።

እናቴ የነጋዴ ልጅ ናት። ወደ አዲ አርቃይ በሚወርድ ሾፌር መልእክት ስትልክ፣ ሾፌሩ ቃሏን መልሶ ለራሷ ካልነገራት ማኪናው አይነሣም። «ሁሴንንም ጽሑፉ ምን ይላል በይው» አለችኝ። ታላቄን እንደ ተማሪ ልጠይቅ? አፈርኩ። እሷ ግን ዣንጥላዋን አንሥታ ከፊቴ ወጣች።

ቢሮ ስንገባ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። «አያ ሁሴን፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ የላክሁት ላይ ምን ይላል?» ብዬ እንደ እሱ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩ። መልሱ እስኪመጣ ድረስ በሐሳቤ አባቴን ቀበርኩት።

«ልጄ፣ የሚታየኝ ሳጥን ሳጥን ብቻ ነው። ደርሶኛል ያልኩሽ ለፍተሽ የጻፍሽውን አልተነበበም ብዬ እንዳላሳፍርሽ ነው። ማታ አዋቂ ፈልጌ አስነብበዋለሁ።»

ማታ! ያ ያማረ ፊደል የተጫነው እኛ ኮምፒውተር ላይ እንጂ እዚያ አልነበረም። ፋይሉን ትቼ እዚያው ኢሜይሉ ላይ፣ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ «ፔኒሲሊን ይገድለዋል፤ ሩጥ!» ብዬ ጻፍኩ። ላክሁት ስል መብራት ሄደ። ይሂድ አይሂድ አላየሁም። ወደ ሆስፒታሉ ስልክ ብንደውል ብንደውል የሚያነሣው ጠፋ። እናቴ ጨለም ባለው ቢሮ ተቀምጣ ዱዓ ማድረግ ጀመረች። እኔ ዱዓውም አልመጣልኝ፤ የጠፋው ኮምፒውተር ላይ አፍጥጬ ቀረሁ።

ወደ ማምሻው አጎቴ ስልክ ለምኖ ደወለ። መልእክቴን አንብቦ እየሮጠ ሲደርስ ነርሷ ፔኒሲሊኑን በመርፌ ቀድታ አባቴ አልጋ አጠገብ ቆማ ነበር፤ ለጥቂት አስቆማት።

ከዚያ በፊት ሰው የሚጠፋው በክፋት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ደጉ አጎቴ ግን አባቴን በይሉኝታ ሊያሳጣን ነበር። ይህንንም እንዳይከፋው ብዬ እስኪሞት ድረስ አልነገርኩትም።

አባቴ ዛሬም አለ፤ ጆሮው ግን ደክሟል። ትናንት አዲሱን መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስድ ቀስ ብዬ አስረዳሁት።

«ሰማህ አባባ?»

«ሰማሁ ልጄ፤ ሸጋ ነው» ብሎ ፈገግ አለልኝ። ዓይኑን ሳየው አንዲት ቃል እንኳ እንዳልሰማ ገባኝ።