አሮጌው ዲስክ ባዶ እስኪሆን

ባሕር ዳር በምሠራበት ኮሌጅ የንብረት ክፍሉ ሕግ አጭር ነው፤ አሮጌውን ያልመለሰ አዲስ አይወስድም። ለወንበር ይሠራል። ለብዕርም ይሠራል ይሉኛል፤ አላመንሁም ነበር።

የተማሪዎችን ውጤት ከያዙት የዳታቤዙ ዲስኮች አንዱ አርጅቶ ስሕተት ማሳየት ሲጀምር ግን ሕጉ አላስኬደኝም። በሌሎቹ ላይ ቦታ የለም። ስለዚህ መጀመሪያ አዲስ ዲስክ ይገባል፤ ፕሮግራሙ በአሮጌው ላይ ያለውን ያዛውራል፤ አሮጌው የሚነቀለው ከዚያ በኋላ ነው። ቀድሞ ከተነቀለ ውጤቱ አብሮ ይሄዳል። መጠባበቂያ ቅጂያችን ደግሞ የባለፈው ሴሚስተር ነበር።

ይህንኑ ለንብረት ክፍል ኃላፊዋ አስረዳሁ። የወረታ ነጋዴ ልጅ ናቸው፤ ጡረታቸው ተቃርቧል።

«እትዬ፣ ቤት የሚቀይር ሰው እኮ ዕቃውን ሜዳ ላይ አያወጣም። መጀመሪያ አዲሱ ቤት ይከፈትለታል።»

«ሁለቱንም ቤት ይዘህ ብትቀርስ?»

«ምን ላደርግበት?»

«አዲስ ወንበር ወስዶ አሮጌውን ያስቀረውም እንዲሁ ነበር ያለኝ።»

በመጨረሻ አዲሱን ዲስክ ራሳቸው ይዘው፣ አሮጌውን እዚያው ሊረከቡ አብረውኝ መጡ። ሰርቨር ክፍሉ ስለሚቀዘቅዝ ሻርፓቸውን አጥብቀው ተቀመጡ። እኔ በልቤ ስለ ቢሮክራሲ ረጅም መጣጥፍ ጀመርሁ።

አዲሱን አስገባሁ። በአሮጌው ላይ ያለው ተዛውሮ እንዲወጣ ትእዛዝ ሰጠሁ፤ ኮምፒዩተሩ ወዲያው ትእዛዙን መቀበሉን አሳየ። የዘጌ ጀልባ ልትነሣ ነው፤ እዚያ እህቴ ለምሳ ትጠብቀኛለች። ልነቅል እጄን ዘረጋሁ።

«ቆይ፤ ባዶ ነው?»

«ትእዛዙን ተቀብሏል፣ እትዬ።»

«መቀበልማ ተላላኪያችንም ይቀበላል። በአባቴ ሱቅ ጆንያ ሲመለስ ገልብጠን፣ አራግፈን ነበር የምንረከብ። ሳላይ አልፈርምም።»

ላሳፍራቸው ብዬ የዝውውሩን ሁኔታ ከፈትሁላቸው። ገና መጀመሩ ነበር። አብዛኛው ውጤት ከአሮጌው ዲስክ አልተነቃነቀም።

ይህን ስሕተት እንዳይሠሩ አዳዲስ ሠራተኞችን የማስተምረው እኔ ነኝ።

ፊቴን አዩ። ከቦርሳቸው ቆሎ አውጥተው አካፈሉኝ። ጀልባዋ ሄደች። እህቴ ደወለች፤ «ሥራ በዛ» አልኋት። መጣጥፉን አልቀጠልሁም።

ወደ አሥር ሰዓት ግድም አሮጌው ባዶ ሆነ። ነቅዬ ሰጠኋቸው። እንደ ጆንያ ገልብጠው አዩትና በመመለሻ ቅጹ ላይ፣ የዕቃው ሁኔታ በሚለው ቦታ «ባዶ» ብለው ጻፉ። እንድፈርም ብዕር ሰጡኝ። ፈረምሁ።

«ብዕሩን» አሉ፣ እጃቸውን ዘርግተው።