አንድ ጊዜ የሚጠይቁ ሰዎች

ቀኑ መጋቢት 3 ነበር እያልኩ ስናገር ቆይቻለሁ፤ እሁድ፣ 2015 ዓ.ም.። አሁን ግን እጠራጠራለሁ። እትዬ ኤልፍነሽ ወንበር ላይ ቆመው የግድግዳውን ሰዓት ወደፊት ሲያዞሩ ይታየኛል፤ እዚህ ለንደን ደግሞ ሰዓት የሚቀየረው መጋቢት ከተጋመሰ በኋላ ነው። እንደዚያ ከሆነ መጋቢት 17 መሆን አለበት። እርግጠኛ የምሆነው ጾም እንደነበር ብቻ ነው፤ ለጋራው ምሳ ያመጡት ምስር ነበር። ትክክለኛው ቀን በስብሰባው መዝገብ ላይ ተጽፏል። መዝገቡ የሚቀመጥበትን መደርደሪያ አውቀዋለሁ። ሄጄ አላየሁም።

እትዬ ኤልፍነሽ ኬንቲሽ ታውን ውስጥ ኩዌከር የሚባሉ ክርስቲያኖች የሚሰበሰቡበት ቤት ዋርደን ነበሩ። በር ይከፍታሉ፣ ያጸዳሉ፣ አዳራሹን ለሚከራዩ ቁልፍ ይሰጣሉ፣ ማሞቂያውን ይጠብቃሉ። በሱዳን በኩል ለንደን መጥተው ስምንት ዓመት ሆቴል ውስጥ አልጋ ሲያነጥፉ ከኖሩ በኋላ ነው ይህን ሥራ ያገኙት። ከሥራው ጋር ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተሰጣቸው። እዚያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሩ። በሕይወታቸው ከየትኛውም ቤት በላይ የቆዩበት ቤት እሱ እንደሆነ አንድ ጊዜ ነግረውኛል፣ የተወለዱበትን ጨምሮ።

ኩዌከሮች ቄስ የላቸውም፣ መዝሙርም የላቸውም። ክብ ሠርተው ይቀመጡና ዝም ይላሉ። መናገር አለብኝ ያለ ሰው ተነሥቶ ይናገራል፣ ይቀመጣል፣ ዝምታው ይቀጥላል። እኔን እዚያ የወሰደኝ የዩኒቨርሲቲ መምህሬ ነበር፤ እሱ ከሞተ በኋላም አባል ሳልሆን መመላለሴን አልተውኩም። እትዬ ኤልፍነሽ ደግሞ እሁድ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው በአውቶቡስ ይመለሱና በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ነጠላቸውን እንደለበሱ ይቀመጣሉ። ሃይማኖትዎን ቀየሩ ወይ ብሎ የጠየቃቸው ሰው ነበር። «ዝምታ የማንም አይደለም» አሉት።

አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጋር አንዲት ትንሽ የነሐስ ቁልፍ አስረው ነበር። በየግድግዳው ያለው የሙቅ ውሃ ማሞቂያ፣ የራዲያተሩ፣ አየር ማስወጫ ናት። ብርድ ሲጀምር በየክፍሉ እየዞሩ በእሷ ይከፍታሉ፣ የሚወጣውን ፉጨት ያዳምጣሉ፣ ውሃ ጠብ ማለት ሲጀምር ይዘጋሉ። በምድር ቤት ሆኖ ውሃውን የሚያሞቀውን አሮጌ የጋዝ ቦይለር እንደ በሽተኛ ያስታምሙት ነበር። ቤንጃሚን ስለዚህች ቁልፍ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ቤንጃሚን የስብሰባው ጸሐፊ ነው፤ ስብሰባ የሚሉት ማኅበራቸውን ነው። ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ፣ ረጅም፣ በዝናብም በብስክሌት የሚሄድ። ኩዌከሮች ማዕረግ ስለማይጠሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ኤልፍነሽ» ነው የሚላቸው። አይምሉምም። ፍርድ ቤት ቢቀርቡ እንኳ አይምሉም፤ ሰው ሁልጊዜ እውነት መናገር ካለበት መሐላ ለምን ያስፈልጋል ይላሉ። አዎ ካልክ አዎ ነው፣ አይ ካልክም አይ።

ይህንን ነገር እትዬ ኤልፍነሽ በራሳቸው ላይ ደርሶ ነው ያወቁት። ሥራ በጀመሩ ሰሞን ቤንጃሚን ቤቱ ይጠራቸዋል። ምግብ ያቀርብና ትበያለሽ ወይ ይላቸዋል። እሳቸውም እንደ ወጉ፣ አይ፣ በልቼ ነው የመጣሁት ይላሉ። ሰውየው ሳህኑን አንሥቶ ወደ ኩሽና ይገባል።

«ይመለሳል ብዬ ኩሽናውን ሳይ ዋልኩ» ይሉ ነበር ሲያወሩት። «በሞቴ የሚል የለ፣ አፈር ስሆን የሚል የለ። ርቦኝ ወጥቼ ሙዝ ገዝቼ አውቶቡስ ላይ በላሁ። እነዚህ ሰዎች አንዴ ነው የሚጠይቁት፣ ልጄ። ከጠየቁህ ቶሎ አዎ በል።»

ይህን ሲያወሩ የማይስቅ አልነበረም። እኔም ስቄያለሁ። አሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኸው ወሬ ነው።

በዚያ ሰሞን ስብሰባው እረፍት አጥቶ ነበር። ድሮ ስድሳ ይሆን የነበረው ሰው ሃያ ደርሷል፣ ከሃያውም ግማሹ ሽማግሌ ነው። በሌላ በኩል የምድሪቱ ነገር፣ ሙቀቱና ጎርፉ፣ በዝምታው መሐል ደጋግሞ ይነሣ ጀመር። አንዲት አሮጊት ተነሥተው፣ ከእግሬ በታች ጋዝ እየነደደ መጸለይ አልቻልኩም አሉና ካፖርታቸውን ለብሰው ተቀመጡ። ከዚያ እሁድ በኋላ ሌሎችም ካፖርታቸውን አላወለቁም። ከአንድ ዓመት ንግግር በኋላ አንድ ሐሳብ ወጣ። ቦይለሩ ይነሣል። ጣሪያው ተከፍቶ ብርድ መከላከያ ይገባለታል፣ ሶላር ይተከልበታል። እትዬ ኤልፍነሽ የሚኖሩበት ፎቅ ታድሶ ጦርነት ወይም ጎርፍ ያፈናቀለው አንድ ቤተሰብ ይኖርበታል። በሩ በሚስጥር ቁጥር ይከፈታል፤ ዋርደን በሰዓት ተቀጥሮ ከውጭ እየመጣ ይሠራል።

ኩዌከሮች ድምፅ አይሰጡም። ዝም ብለው ይጠብቃሉ፣ ይናገራሉ፣ እንደገና ይጠብቃሉ፤ ጸሐፊው ስምምነት የደረሰ ሲመስለው ውሳኔውን እዚያው ጽፎ ያነባል። አንድ ሰው ከልቡ ቅር ካለው ነገሩ ይቆማል። አባልም ባይሆኑ እትዬ ኤልፍነሽ እንዲገኙ ተጠይቀው ነበር።

እኔ ተናገርኩ። በአሥር ዓመት ውስጥ ሦስተኛዬ ይሆናል። ስለ ምድር፣ ስለ እንግዳ፣ ደጃፋችንን ስለሚያንኳኳ ሰው ተናገርኩ። ጥሩ ንግግር ነበር፤ ያማረ መሆኑን እየተናገርኩ አውቀው ነበር።

ከዚያ ቤንጃሚን ወደ በሩ ዞረ። «ኤልፍነሽ፣ ይህ ቤትሽ ነው። ቅር የሚልሽ ከሆነ እናቆመዋለን።»

«ኧረ ምንም አይደል» አሉ በእንግሊዝኛቸው። «ይግቡ። ቤቱ የእግዚአብሔር ነው።»

ብለውም ወደ ኋላ አልተደገፉም። አግዳሚው ጫፍ ላይ እንደተቀመጡ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ ቤንጃሚንን አዩት። ያን አቀማመጥ ከእናቴ ቤት አውቀዋለሁ። የሚቀጥለውን ቃል የሚጠብቅ ሰው አቀማመጥ ነው፤ የለም፣ በሞቴ፣ እውነቱን ይናገሩ የሚለውን። ቤንጃሚን ግን አንገቱን ደፍቶ መጻፍ ጀመረ። ደጋግሞ መጠየቅ ለእሱ ውሸታም ነሽ ማለት ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ከእሳቸው ሌላ ሁለቱንም ወግ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ብዕሩ ሲጭር ይሰማኝ ነበር። ጽሑፉ ተነበበ፣ ሁሉም ተስማማ።

ምሳ ላይ ቤንጃሚን ሳህኑን ይዞ ወደ እኔ መጣ። ተጨንቋል። በደንብ ተረድቻት ይሆን፣ አንተ ጠባይዋንም ቋንቋዋንም ታውቃለህ አለኝ። እንዳለችው ነው አልኩት። አመሰገነኝ። እሱም እኔን አንዴ ነው የጠየቀኝ። ቶሎ የመለስኩለት ለምንድን ነው? ያ ያማረ ንግግሬ ገና ከአፌ ሳይደርቅ እንዲፈርስብኝ አልፈለግሁም። ሌላ ምክንያት ብፈልግ አጣሁ።

እትዬ ኤልፍነሽ ምስሩን እየጨለፉ፣ «ዛሬ ጥሩ ተናገርክ፣ ጥላዬ» አሉኝ። «አማርኛ ቢሆን ኖሮ አለቅስ ነበር።» ሲስቁ አይቼ እኔም ሳቅሁ። እየቀለዱ ይሁን እየወጉኝ አልለየሁትም።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት እግሬ እዚያ ቤት በዛ። ባዶ ሰበብ እየፈለግሁ እሄዳለሁ፣ ደረጃውን ሲጠርጉ አገኛቸዋለሁ፤ ስመለስ ያንኑ ደረጃ እንደገና ሲጠርጉ እተዋቸዋለሁ። ለሚመጣው ቤተሰብ መጋረጃ ሰፉ። ሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ያገኘኋት አንዲት ሴት፣ እትዬ ኤልፍነሽ ሊያርፉ ነው አሉ፣ እሰየው አለችኝ። የሚያርፉት ሃርልስደን፣ በእህታቸው ልጅ በሲና ቤት፣ ሳሎን ውስጥ ተዘርግቶ በሚታጠፍ ሶፋ ላይ ነው። ጥያቄዬን በየቀኑ አስተካክለው ነበር። ቤንጃሚን አንዴ ብቻ እንደሚጠይቅ ከእኔ በፊት የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ታዲያ ያን ዕለት ምንም አይደል ያሉት ከልብዎ ነው? ወይስ ከእኛ አንዱ በሞቴ እስኪል ይጠብቁ ነበር? ጧት የተዘጋጀሁበት ቃል ማታ ነውር ይመስለኝ ነበር።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ቅዳሜ፣ ሲና ቫን ተከራይታ መጣች። ዕቃው ብዙ አልነበረም፤ ሁለት ሻንጣ፣ የማርያም ሥዕል፣ አንድ የልብስ ስፌት መኪና። የስፌት መኪናውን እኔ ነበርኩ ያወረድኩት። እትዬ ኤልፍነሽ የቤቱን ቁልፎች በአንድ ቀለበት ለቤንጃሚን አስረከቡት፤ እሱም እጃቸውን በሁለት እጁ ይዞ ቆየ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። ከዚያ እትዬ ቫኗ ውስጥ ገብተው ከሲና ጎን ተቀመጡ። ወደ መስኮቱ ቀረብኩ። ጎንበስ ብለው ቀበቶውን ሲያስሩ ያቺ የነሐስ ቁልፍ ከማተባቸው ጋር ወጥታ ተወዛወዘች።

«እትዬ» አልኩ፣ «ያን ዕለት ቤንጃሚን ሲጠይቅዎ...»

«አንቲ፣ ቢጫ መስመር ላይ ነኝ፣ መቆም ክልክል ነው» አለች ሲና። «ተቆጣጣሪው እየመጣ ነው፣ ፕሊስ፣ ቲኬት ሊጽፍብኝ ነው።» ሞተሩን አስነሣች።

እትዬ ኤልፍነሽ ቁልፏን ወደ ደረታቸው መልሰው ሸሸጓት። «አንድ ቀን ብቅ በል» አሉኝ። ቀና ብዬ እስኪደግሙት ጠበቅሁ። ቫኗ ተንቀሳቅሳ ነበር፣ ጥጉ ላይ ደርሳም ታጠፈች።