ብርድ ነው ያልን ቀን

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን፣ የእርግዝና ምርመራ አልጋ ላይ ተኝቼ ያ ቀዝቃዛ ቅባት ሆዴ ላይ ሲያርፍ አለቀስኩ። ሐኪሟ ያመመኝ መስሏት ደነገጠች። ምን ልበላት? ይህንኑ ቅባት ከእህቴ ደረት ላይ በነጠላዬ የጠረግኩት እኔ ነበርኩ።

ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነኝ፤ እሷ ታጭታለች። ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ እያጠራት ሲያስቸግራት ከመዘዞ በሚኒባስ ወደዚሁ ደብረ ብርሃን ይዣት ሄድኩ። ክፍሉ ጨለም ያለ፣ አልኮል አልኮል የሚሸት ነበር። ሐኪሙ በግራ ጎኗ አስተኝቶ መሣሪያውን ደረቷ ላይ ሲያንሸራትት ልቧ ስክሪኑ ላይ መጣ። ድምፁን ሲከፍተው፣ በጠባብ ቦይ የሚገፋ ውሃ የመሰለ ሹክሹክታ ክፍሉን ሞላው።

«ታዲያ እሱ የቱ ጋ ነው ያለው?» አለችኝ፣ እጮኛዋን ማለቷ ነበር። እኔ ሳቅኩ። ሐኪሙ አልሳቀም።

«የልብሽ በር ጠቧል። ኦፕራሲዮን ሳትደረጊ እንዳታረግዢ፤ ልብሽ አይችለውም» አላት። ውጤቱንም ጽፎ ሰጣት።

መናኸሪያው በር ላይ ወረቀቱን ቀደደችው።

«አትወልድም ከተባለ ማን ያገባኛል? ለእማዬ ብርድ ነው በያት። እማዬ ትሙት በይ!»

«እማዬ ትሙት» አልኩ። እወዳት ነበር። ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ የሚዜ ቀሚሴም ተሰፍቶ ነበር።

እናታችን ደጃፍ ላይ ጠበቀችን። «ምን አሉ?» ስትል ዓይኗን ሳላይ፣ «ደህና ናት፤ ብርድ ነው አሉ» አልኳት። አመነችኝ። እስከ ሠርጉ ድረስ የበግ ፀጉር ስትፈትል ከረመች፤ ልጇን ብርድ እንዳያገኛት ወፍራም ባና አሠርታ ደርባ ዳረቻት። እህቴ በዓመቱ፣ የስድስት ወር እርጉዝ ሆና ሞተች። ባናው ታጥፎ ተመለሰልን። ለቀስተኛው ሁሉ «ብርድ ነው የገደላት» ሲል፣ እኔ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ።

ባለፈው ሳምንት ከምርመራው ስወጣ እማዬ ያንኑ ባና ለብሳ አግዳሚው ላይ ትጠብቀኝ ነበር።

«ምን አሉሽ?»

«ደህና ነው አሉ፣ እማዬ።»

«ያኔም ደህና ናት ነው ያልሽኝ። ወረቀቱን አንብቢልኝ።»

ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት። ልጁ ደህና ነው፤ የልቡም ምት ደህና ነው። ስጨርስ እጄን ያዘች።

«የእሷስ? የእሷስ ወረቀት ምን ይል ነበር?»

ነገርኳት። የባናውን ግማሽ እኔን አልብሳ፣ ግማሹን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች።