መልስ ያልነበረው ሳጥን

በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት አርባ ሰባት ዓመቴ ነበር። ይህን የወጣትነቴ ወሬ ነው ብዬ ሳወራ ልጆቼ ይስቃሉ። ይሳቁ። ያኔ ጉልበቴ ዳገት አይፈራም፣ ጥርሴ ሙሉ ነው፣ ከሰው ጋር እልህ ለመጋባትም ጊዜ ነበረኝ። ወጣትነት ከዚህ ሌላ ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም።

ነገሩን ያስታወሰኝ ባለፈው ሳምንት የሆነ ነው። ልጄ መሠረት ከደብረ ብርሃን ስትመጣ አዲስ ስልክ ይዛ መጣች። የስልኩ የቻርጀር አፍ ሞላላ ነው፤ ገመዱን ገልብጠህም ሳትገለብጥም ብትሰካው ይገባል። የገመዱ ሌላኛው ጫፍ ግን እንደ ድሮው ጠፍጣፋ ነው። መብራት ጠፍቶ ነበርና ግድግዳው ሥር ካለው፣ በሶላር ስልክ ከምሞላበት አሮጌ የእንጨት ሳጥኔ ላይ ልሰካላት ተነሳሁ።

«አባዬ፣ ተወው። ያ እኮ የድሮ ነው፤ ይሄን ስልክ አያውቀውም» አለችኝ።

«እሱ ባያውቀው ስልክሽ ይጠይቀዋል» አልኳት።

ሰካሁት። ስልኩ ለአፍታ ዝም አለ፤ ከዚያ ደህና አድርጎ ይሞላ ጀመር። መሠረት ስልኩን አየች፣ ሳጥኑን አየች፣ እኔን አየች። እኔ ግን የታየኝ ይማም ነው።

ይማም የአልዩ አምባ ነጋዴ ነው። በርበሬውን በበቅሎ ጭኖ ዳገቱን ወደ እኛ ወደ አንኮበር ይወጣል፤ ባቄላና ገብስ ጭኖ ይወርዳል። አባቴና አባቱ ወዳጆች ነበሩ። በመውሊድ እኛ ወደ ቆላ እንወርዳለን፤ በጥምቀት እነሱ ወደ ደጋ ይወጣሉ። ከብቱ ለየብቻ ይታረዳል እንጂ ጨዋታው አንድ ላይ ነው። ሁለቱ ሲሞቱ ወዳጅነቱን እኔና ይማም እንደ መሬት ወረስነው።

እኔ በዚያን ጊዜ አንኮበር ገበያ ዳር በአንዲት ጠባብ ክፍል ስልክ ቻርጅ አደርግ ነበር። መብራት ሲመጣ ይመጣል፣ ሲሄድ ይሰነብታል። ስለዚህ ቆርቆሮው ላይ ሶላር አወጣሁ፣ ከሥሩ የጭነት መኪና ባትሪ አስቀመጥኩ፣ ሳጥኑን ደግሞ ከዋንዛ ሳንቃ በገዛ እጄ ሠራሁት። በፊቱ ላይ ዩኤስቢ የሚሉትን ጠፍጣፋ አፍ ደረደርኩበት። አንዱ አፍ በጀርባው አራት እግር አለው። በዳርና በዳር ያሉት ሁለቱ ኃይሉን ያመጣሉ ይመልሳሉ። የመሐሎቹስ ብዬ ዕቃውን የሸጠልኝን ሰው ብጠይቀው፣ ከኮምፒዩተር ወደ ስልክ ዘፈንና ፎቶ የሚሄድባቸው ናቸው አለኝ። እኔ ዘፈን አልሸጥም አልኩና የመሐሎቹን ባዶ ተውኳቸው። ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ዘንድ ነው፤ ዳዊት እንኳ አልደገምኩም። ግን ሽቦ ያስተማረኝ ሰው ስለሌለ፣ ያወቅኩትን ሁሉ የራሴ አድርጌ እኮራበት ነበር።

ሁለት ዓመት ያህል ሳጥኑ አላሳፈረኝም። የቁልፍ ስልክ ሁሉ ጠዋት ገብቶ ቀን ላይ ሞልቶ ይወጣል። በኋላ ይማም ፊቱ መስታወት የሆነውን ስልክ ገዛ። በእኛ መንገድ ከሱ በፊት የያዘ አልነበረም። በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ነበር የሚያመጣው፣ እንደ እንቁላል።

በገበያ ቀን ጠዋት ሰጠኝ፣ ከሰዓት ሊወስደው መጣ። ሩቡ እንኳ አልሞላም። ደመናው ነው አልኩት። በሚቀጥለው ገበያም እንደዚያው። በሦስተኛው ግን ፀሐዩ ድንጋይ ይሰነጥቃል፤ ከጎኑ የተሰኩት የቁልፍ ስልኮች ሁሉ ሞልተዋል፤ የሱ ብቻ እንደራበው ነው። ይማም ስልኩን አገላብጦ አየና በሰው ፊት እንዲህ አለኝ፤

«ወርቁ፣ ይሄ ስልክ ስገዛው ደህና ነበር። አንተ ጋ መዋል ከጀመረ ወዲህ ነው የሰነፈው። ባትሪዬን የነካው ሰው አለ?»

ያኔ ቻርጅ ቤት ደህናውን ባትሪ አውጥቶ በሞተ ይቀይራል የሚል ወሬ በየከተማው ነበር። ለእንደኔ ያለ ሰው ከዚህ የከፋ ቃል የለም። አንዴ ከተለጠፈበት ስልኩን የሚሰጠው አያገኝም። «አልነካሁም» ብል ቃሉ አንድ ነው፣ አይከብድም። እኔ ግን ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩለትና ፊቴን ወደ ሌላ ደንበኛ አዞርኩ። ከአባቱ ጀምሮ የሚያውቀኝ ሰው ይህን ከጠየቀኝ መልስ አይገባውም ብዬ ነው።

ዝምታዬን ሰው ተረጎመው። «አውቆ ነው ዝም ያለው» ተባለ። ሳምንት ሳይሞላ ሳጥኔ አፉን ከፍቶ ብቻውን ይውል ጀመር።

በመጨረሻ የሰፈራችን አስታራቂ አያ ደምሴ ሁለታችንንም ከወይራው ሥር አስቀመጡን።

«ይማልልኝ» አለ ይማም።

«አልምልም» አልኩ።

አያ ደምሴ ጭራቸውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ዕቃው ሳይጠየቅ ሰው አይምልም። ሳጥኑንም ስልኩንም ይዛችሁ ሁለታችሁም ደብረ ብርሃን ውጡ፤ ለሚያውቅ ሰው አሳዩት። እዚያም ካልታወቀ ግን ወርቁ፣ በመጪው ገበያ ትምላለህ።»

«ካልማልኩስ?»

«ካልማልክ ሰው የመሰለውን ያምናል። አንተም ሳጥንህን ማገዶ ታደርገዋለህ።»

በማግስቱ ሚኒባሱ ላይ የቀረው ቦታ ጎን ለጎን ነበርና ሳንወድ አብረን ተቀመጥን። ሳጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌዋለሁ። ይማም ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሯል። ኅዳር ነው፤ ጉሙ ገደሉን ሞልቶ መንገዱ ከሰማይ የተንጠለጠለ ይመስላል፤ ወደ ላይ ስንወጣ ደግሞ የታጨደ ገብስ በየማሳው ተከምሮ ውርጩ ጫፉ ላይ ያበራል። ረዳቱ ሳጥኑን አንኳኳና «ጋሼ፣ ንብ ነው የያዙት?» አለኝ።

«ንብማ ቢሆን ድምፅ ይሰጥ ነበር» አለ ይማም፣ ከመስኮቱ ፊቱን ሳይመልስ።

ሰው ሳቀ። እኔ መንገዱን አየሁ። ጥቂት እንደሄድን ይማም ከኪሱ የገብስ ቆሎ አወጣና ሳያየኝ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። እኔም ሳላየው ዘገንኩ። ቁርጥም ቁርጥም እያልን ደብረ ብርሃን ገባን።

ከመናኸሪያው ጀርባ ስልክ የምትጠግን ትዕግሥት የምትባል ልጅ ነበረች፣ ሀያ ምናምን ዓመቷ ቢሆን ነው። ብርዱ ስለሚበረታ ወገቧን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ነው የምትሠራው። ሁለታችንን ከእግር እስከ ራስ አየችን።

«የተጣላው የትኛው ነው? ስልኩ ነው ወይስ እናንተ?»

መጀመሪያ የስልኩን ጀርባ ከፈተች። ባትሪውን አውጥታ ምልክቱን ከስልኩ ምልክት ጋር አስተያየችና «የራሱ ነው፤ ማንም አልቀየረውም። ጤነኛም ነው» አለች። ለእኔ ይህ በቂ ነበር። ይማም ግን እንደ ነጋዴ ነው የሚያስበው።

«ታዲያ የሰው ሲሞላ የኔ ለምን አይሞላም?»

የሳጥኑን ክዳን አነሳች። ጣቷን ወደ መሐለኞቹ እግሮች ላከች።

«ጋሼ፣ እነዚህን ለምን ተዉዋቸው?»

«ዘፈን አልሸጥም።»

ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ለዘፈን ብቻ አይደሉም። እንደዚህ ያለው ስልክ ሲሰካ መጀመሪያ በእነዚህ በኩል ይጠይቃል። ኮምፒዩተር ነህ ወይስ ቻርጀር፣ ብዙ ልሳብ ወይስ ጥቂት ይላል። መልስ ካጣ ያገኘውን ላለመጉዳት ጥቂት ጥቂት ይቀምሳል እንጂ አይጠግብም። የቁልፎቹ ግን አይጠይቁም፤ የመጣላቸውን መውሰድ ነው።»

ከዚያ ጥፍር የምታህል ሽቦ ቆርጣ ሁለቱን የመሐል እግሮች አንድ ላይ በየደቻቸው። «ሁለቱ ሲገናኙ፣ ቻርጀር ነኝ፣ የምትችለውን ያህል ውሰድ ማለት ነው። መልሱ ይሄው ነው» አለች። ሳጥኑን ከራሷ ባትሪ ጋር አያይዛ ስልኩን ሰካች። ለአፍታ ዝም አለ። ከዚያ መሙላት ጀመረ፤ ከጎረቤት ያስመጣችልንን ሻይ ሳንጨርስ ዓይናችን እያየ ከፍ አለ።

ይማም ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«እኛ ሰው ግቢ ስንደርስ ቤቶች ብለን እንደምንጣራው ነዋ» አለ። «ከውስጥ ደጆች የሚል ከሌለ ጨዋ ሰው ዘው ብሎ አይገባም። ስልኬ ደጅ ቆሞ ሲጣራ ነው የከረመው።» ከዚያ ከስንት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየኝ። «ሳጥኑ በባለቤቱ ወጥቷል።»

ትዕግሥት ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ቃሉ ግን ከእኔ ጋር ተሳፍሮ አንኮበር ድረስ መጣ።

ስንደርስ ይማም በቀጥታ ወደ አያ ደምሴ ሄዶ ባትሪው የራሱ እንደሆነ፣ ወርቁ እንዳልነካው በሰው ፊት ተናገረ። ለእኔ ምንም ሳይለኝ በቅሎውን ይዞ ወደ ቆላ ወረደ። በእኛ ደንብ ያለ ጥፋቱ የተጠረጠረ ሰው ቤቱ ይቀመጣል፤ ጠርጣሪው ነው ሽማግሌ ልኮ፣ ከባሰም ድንጋይ ተሸክሞ የሚመጣው። እኔም እስኪመጣ ልጠብቀው አስቤ ነበር።

ባለፈው ሳምንት መሠረት ስልኳ ላይ ፈልጋ እንደነገረችኝ፣ አዲሱ ስልኳ በሞላላው አፉ የሚጠይቅበት የራሱ አዲስ መንገድ አለው። ግን አሮጌ ሳጥን ሲያጋጥመው በድሮውም መንገድ መጠየቁን አልተወም። ይህን ያሰቡትን ሰዎች አላውቃቸውም፤ እግዜር ይስጣቸው። አዲስ ሆኖ አሮጌውን በቋንቋው መጠየቅ ትንሽ ነገር አይደለም። ትዕግሥት ከዚያ ቦታ ከለቀቀች ቆይታለች፤ ባለችበት እጇ ይባረክ። ለአያ ደምሴ አፈሩን ያቅልልላቸው። ይማም ግን በሕይወት አለ፤ በዚያው በመሠረት ስልክ ደወልኩለት።

«ያ ሳጥን አሁንም ይመልሳል?» አለኝ።

«ይመልሳል።»

«ባለቤቱስ?»

ባለቤቱ መመለስ የጀመረበትን ቀን እሱም እኔም እናውቀዋለን። ከደብረ ብርሃን በተመለስን ማግስት፣ ገና ሳይነጋጋ ተነስቼ የቀሩትን አፎች የመሐል እግሮች በየተራ አገናኘሁ። ሲነጋ ክፍሌን ቆለፍኩና ሽማግሌም ድንጋይም ሳልጠብቅ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ጉሙን አልፌ ሙቀቱ ሲቀበለኝ ጋቢዬን አውልቄ ትከሻዬ ላይ ጣልኩ። አልዩ አምባ ይማም አጥር ደርሼ ቆምኩ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ አልገባሁም።

«ቤቶች!» አልኩ።

ውስጥ የሰው ድምፅ ነበር። ጠበቅኩ።

«ደጆች» አለ ይማም። «ማነው?»

«ወርቁ ነኝ። ያን ቀን ለጠየቅከኝ መልሱን ይዤ መጥቻለሁ። ባትሪህን አልነካሁም።»